ሳይቃጠል በየትኛው ቅጠል?

ከሬዲዮ ዜናዎች ሁሉ እንደ እሳት አደጋ ዜና ቅርጹን ጠብቆ የሚኖር የለም። ቦታው ይነገራል፤ ሰዓቱ ይነገራል፤ ስንት ተሽከርካሪ እንደተሰማራና ስንት ሊትር ውኃ እንደፈሰሰ ይነገራል፤ የወደመው ንብረት በብር ተተምኖ ይነገራል፤ ከጥፋት የዳነውም እንደዚሁ በብር ይነገራል፤ የቃጠሎው መንስኤ በመጣራት ላይ መሆኑ ይታከላል። መጨረሻ ላይ ያቺ የማትቀረው ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፦ ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ማሳሰቢያ ተሰጥቷል። ከዚያ ስፖርት።

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው የማይለቀው አመል አለው። ጽሑፍ ባየ ቁጥር፣ የሠርግ ጥሪም ይሁን የውኃ ቢል፣ ‹‹ማነው የሚናገረው? ለማን? ምን እንዲደረግ ፈልጎ?›› ብሎ መጠየቅ ይወዳል። እኔም ዛሬ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ ድርሰት ቆጥሬ ልሔሳት ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ልብ ወለድ ሲበላሽ አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ይተኛል። የደኅንነት ትምህርት ሲበላሽ ግን የተኛው ሰው ላይነሳ ይችላል። ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው ጠበቅ ያለ ሐያሲ የሚያስፈልገው?

ከተነጋሪው እንጀምር። ‹‹ኅብረተሰቡ›› ማነው? እኔ በበኩሌ ኅብረተሰቡን አግኝቼው አላውቅም። ጎረቤቴን አውቃለሁ፤ ባለሱቁን አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቂጣ የምትሸጠዋን ሴትዮ አውቃለሁ። ኅብረተሰቡ ግን ምድጃ የለውም፤ ምጣድ አይጥድም፤ ሽቦ አይቀጥልም። ስለዚህ ማሳሰቢያው ሲነገር እያንዳንዳችን ‹‹ለኅብረተሰቡ ነው›› ብለን ቡናችንን መጠጣት እንቀጥላለን።

ሁለተኛው ‹‹አስፈላጊው ጥንቃቄ›› ነው። አስፈላጊው ጥንቃቄ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ማሳሰቢያ አያስፈልገውም፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ ከዚህ ሐረግ ምንም አያገኝም። ‹‹ጥንቃቄ ማድረግ›› እጅ ሊሠራው የሚችል ነገር አይደለም። እጅ ይነቅላል፣ ይከድናል፣ ይከፍታል፣ ያወጣል። በሌሊት ከእንቅልፉ ባንኖ ጭስ የሸተተው ሰው ‹‹ልጠንቀቅ›› ብሎ የሚይዘው እጀታ የለም።

ሦስተኛው ጊዜው ነው። ማሳሰቢያው የሚነገረው ቤቱ ከነደደ በኋላ፣ ስለ ነደደው ቤት በሚወራበት ዜና ጭራ ላይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለዚህ ይሆን እንዴ?

አበው ይህንን ጉዳይ በሁለት ቃል ጨርሰውት ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል። እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ጊዜ አለው፤ ሳይቃጠል ነው። መሣሪያ አለው፤ ቅጠል ነው። ያውም ከውጭ በዶላር የሚገባ ሳይሆን ደጃፍ የበቀለ። ድምፁም ቃጠሎንና ቅጠልን አጋጭቶ አንዴ የሰማው ሰው እንዳይረሳው ያደርጋል። ዛሬ ይህችኑ ተረት በየስብሰባው አዳራሽ በባነር ላይ አሳምረን እንሰቅላታለን። ችግሩ የትኛው ቅጠል እንደሆነ የሚነግረን መጥፋቱ ነው።

ነገሬን ሰው እንዳያጣምብኝ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሌላው ሰው ሸሽቶ ከሚወጣበት በር ወደ ውስጥ የሚገቡትን የእሳት አደጋ ሠራተኞች በክፉ ማንሳት ነውር ነው። እኔ የምሔሰው ቃሉንና ቃሉ የተቀመጠበትን ቦታ ነው። ደግሞም ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ ብቻ አይደለም፤ የቋንቋችንም ነው። ቤት ሲነድ ‹‹እሳት አደጋ ጥሩ!›› እንላለን። ቃጠሎውንም ቃጠሎውን የሚያጠፋውንም በአንድ ስም ነው የምንጠራው። ‹‹እሳት አደጋ መጣ›› ሲባል ነበልባሉ ይሁን ቀዩ መኪና ከአነጋገሩ ድምፅ ካልሆነ በቀር አይለይም። በልባችን ውስጥ ሁለቱ አብረው መጥተው አብረው የሚሄዱ ናቸው። እሳት በሌለበት ቀን እሳት አደጋ የሚባል መሥሪያ ቤት ለእኛ የለም። እሳት ሳይኖር የእሳት አደጋ ሠራተኛ በሬን ቢያንኳኳ ብዙዎቻችን የምንለው ‹‹ምነው? ምን ነደደ?›› ነው።

መሥሪያ ቤቱ ራሱ ግን ስሙን ሲለውጥ አንድ ትልቅ ነገር ተናግሯል። የአዲስ አበባው ተቋም ቀድሞ በስሙ ውስጥ ‹‹ድንገተኛ አደጋ›› የሚል ቃል ነበረው። ኋላ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ሆነ። ለእኔ ይኼ የታፔላ ለውጥ ብቻ አይደለም። ‹‹ድንገተኛ›› ማለት ማንም ያላወቀው፣ ማንም የማይጠየቅበት ማለት ነው። ‹‹ስጋት›› ማለት ደግሞ ቀድሞ የታወቀ፣ ቀድሞ የታየ፣ ቀድሞ ሊቀነስ የሚችል ማለት ነው። ስሙ ከድንገት ወደ ስጋት ተሻገረ። የዜናው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ግን አልተሻገረችም። እሷ አሁንም ድንገተኛ ናት።

አንድ ቃል በትክክል አለመቀመጡ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በከሰል ላሳያችሁ። ክረምት ሲገባ ወይም የኅዳር ብርድ ሲጠና ከምንሰማቸው አሳዛኝ ወሬዎች አንዱ ከሰል አስገብተው የተኙ ሰዎች ጠዋት ሳይነቁ መቅረታቸው ነው። ስለዚህ ነገር ሲነገር በአብዛኛው የምንሰማው ቃል ‹‹የከሰል ጭስ›› ነው። የከሰል ጭስ ይገድላል፣ ከከሰል ጭስ ተጠንቀቁ ይባላል። ሰሚውስ ምን ይሰማል? ጭሱ ነው የሚገድለው ይላል። እናም ብልህና ጠንቃቃ የሆነ ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል። ከሰሉን ውጭ ያቀጣጥለዋል፣ ያራግበዋል፣ ጭሱ እስኪያልቅ ይጠብቃል፣ ፍሙ ሲቀላና ላዩ አመድ ሲለብስ ‹‹አሁን ጭሱ ወጥቶለታል›› ብሎ ወደ ክፍሉ ያስገባዋል። በሩን ይዘጋል፤ ብርድ እንዳይገባ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ይወትፋል።

የሚገድለው ግን ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ቀለም የሌለው፣ ሽታ የሌለው፣ ዓይን የማያስለቅስ ጋዝ ነው። ያ ውብ ቀይ ፍም ያለ ጭስ ይህንን ጋዝ እያመረተ ያድራል። ጋዙ ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ከዚያ ያቅለሸልሻል፤ ጉልበት ይከዳል። ሰውየው ‹‹ደክሞኛል፣ ትንሽ ልተኛ›› ይላል። እንቅልፉ ይጨርሰዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ማሳሰቢያውን አልሰማም ነበር? ሰምቷል። ታዟልም። የገደለው አለመስማቱ ሳይሆን የተሰጠው ቃል ነው።

ትክክለኛው ዓረፍተ ነገር አስቸጋሪ አይደለም። ‹‹ቀልቶም ቢሆን፣ ጭስ ባይኖረውም፣ ከሰል ባለበት ክፍል አትተኛ›› ማለት ይበቃል። በአበው ፈሊጥ ካስፈለገም ‹‹ከሰሉ ሳይወጣ እንቅልፍ አይግባ›› ማለት ይቻላል። ይህችን የገጠምኩት እኔው ነኝና የተሻለ ያለው ያምጣ። ቢያንስ ጊዜ አላት፣ ግሥ አላት፣ እጅ ምን እንደሚሠራ ትናገራለች። ለታመመው ሰው ደግሞ ‹‹ወተት ስጡት›› ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል! ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ ወዲያው ወደ ሕክምና ውሰዱት የሚለው ነው መቅደም ያለበት።

ወደ ተነጋሪው ልመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እሱ ዘንድ ነውና። ከሰል አስገብቶ የሚያድረው ማነው? ከግቢው በር አጠገብ በቆርቆሮ በተሠራች፣ አንድ ሰው ተጣጥፎ በሚገባባት ክፍል ውስጥ ሌሊቱን የሚቀመጠው ዘበኛ ነው። በሰርቪስ ክፍል የምታድረው የቤት ሠራተኛ ናት። በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት ከነልጆቿ የምታበስለውም የምትተኛውም እናት ናት። የማታውን ዜና ሳሎን ተቀምጦ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ‹‹ኅብረተሰቡ›› የሚለው ቃል ወደ ሳሎን ይገባል እንጂ ወደ ዘበኛው ቤት አይወጣም። ከገጠር በመጣች በሳምንቷ ከጋዝ ሲሊንደር ጋር የምትፋጠጠዋን ልጅ ማን አስተማራት? ባለቤቶቹ ‹‹እንዲህ ከፍተሽ እንዲህ ለኩሺ›› ብለው ይሄዳሉ። ጋዝ የሸተታት እንደሆነ ክብሪት እንዳትጭር፣ መብራት እንኳ እንዳትነካ፣ ሲሊንደሩን ዘግታ በርና መስኮት ከፍታ እንድትወጣ የነገራት የለም። በኋላ አንድ ነገር ሲደርስ ግን ‹‹በሠራተኛዋ ጥንቃቄ ጉድለት›› ይባላል።

‹‹በጥንቃቄ ጉድለት›› ስል ሁለተኛዋ የማልወዳት ሐረግ መጣች። ለቃጠሎ መንስኤ ስንፈልግ ይህችን ሐረግ እናገኛለን፤ ስናገኝም ፍለጋው ይቆማል። ሐረጓ ሰውየውን ትከሳለች፤ ሌላውን ሁሉ ነፃ ትለቃለች። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ከሱቅ የምንገዛው ማከፋፈያ ብዙ ጊዜ የሚችለው 10 አምፔር ነው፤ በ220 ቮልት ሲባዛ 2 ሺህ 200 ዋት መሆኑ ነው። ስለዚህ ምጣድ በማከፋፈያ ሲሰካ ሽቦው እየጋለ መሆኑን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ‹‹ምጣድ በማከፋፈያ አይሰካም፣ የራሱ መስመር ይኑረው›› የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ታዲያ በክፍሉ ያለው አንድ ሶኬት ብቻ ቢሆንስ? አከራዩ አንድ መስመር ለአራት ተከራይ ከፋፍሎ ቢሆንስ? ያኔ ተከራይዋን ‹‹ተጠንቀቂ›› ማለት ሹፌሩ ፍሬን የሌለው መኪና ሰጥቷችሁ ‹‹ቀስ ብላችሁ ንዱ›› እንደማለት ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሳውን እሳት የአዲስ አበባ ሰው አይረሳውም። ለሰዓታት ነደደ። የስንቱ ሰው የዕድሜ ልክ ድካም በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ተሽከርካሪዎቹ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቁ የመንገዱ ጥበት እንደፈተናቸው በወቅቱ ተነግሯል። እንግዲህ የመርካቶ መንገድ ጠባብ መሆኑ ድንገት ነው? መርካቶን በእግሩ ያቋረጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እሳት ሳይኖር በግራና በቀኝ በተደረደረ ዕቃ መሐል ሁለት ሰው ለመተላለፍ ይተሻሻል። ስጋት ማለት ይኼ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ቆሞ የሚታይ። እዚያ የሚያስፈልገው ትምህርት ‹‹ነጋዴው ይጠንቀቅ›› የሚል አይደለም። በየተራው ማን ከየትኛው መስመር ዕቃ እንደሚያነሳ፣ ማታ መብራት ከቆጣሪው ማን እንደሚያጠፋ፣ ውኃ ከየት እንደሚገኝ ተነጋግሮ፣ ተስማምቶ፣ በየወሩ መሞከር ነው።

ይህንን ጉዳይ ሌሎች አገሮችም የተማሩት በሬሳ ቆጠራ ነው። አሜሪካኖች አንድ ብሔራዊ ኮሚሽን አቋቁመው ስለ እሳት ያስጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ዘገባ ‹‹አሜሪካ እየነደደች ነው›› እንደማለት ያለ ርእስ ነበረው። በዓመት ወደ 12 ሺህ ሰው በእሳት ይሞት ነበር። ዘገባው ካወጣቸው ነገሮች በጣም የገረመኝ የሳንቲሟ ነገር ናት። ለእሳት አደጋ አገልግሎት ከሚወጣው ከእያንዳንዱ ዶላር 95 ሳንቲሙ ለማጥፋት፣ 5 ሳንቲም ያህሉ ብቻ ደግሞ እንዳይነሳ ለመከላከል ይውል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በጣም ጨምሮ፣ የሟቹ ቁጥር በቅርብ ዓመታት ወደ 4 ሺህ ገደማ ወርዷል። ያወረደው ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ፣ የሕንፃ ሕግ፣ የተሻለ የቤት ዕቃ፣ የሲጋራ አጫሹ መቀነስም አሉበት። ትምህርቱ ግን ልጆች ሳይቀሩ የሚይዙት ነበር። ልብስህ በእሳት ከተያያዘ አትሩጥ፤ ቁም፣ ተኛ፣ ተንከባለል። ሦስት ግሥ ብቻ ናት። ነጠላ ለብሰን ምድጃ ስር ለምንቀመጥ ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ ግጥም ማን ጻፈልን?

እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ሕግ ሰው እሳትን እንዴት እንደሚከላከል ማስተማርን የእሳት አደጋ ተቋማት ግዴታ አደረጉት። ትርፍ ሥራ መሆኑ ቀረና እንደ ማጥፋቱ ሁሉ የሚጠየቁበት ሥራ ሆነ። በሊቨርፑል አካባቢ ደግሞ ከዚያም በፊት የእሳት አደጋ ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያ በነፃ እየሰቀሉ፣ አዛውንቱን ‹‹ማታ የት ነው የሚተኙት? በየት በኩል ይወጣሉ?›› እያሉ መጠየቅ ጀምረው ነበር። ልብ በሉ፤ ‹‹ኅብረተሰቡ የት ነው የሚተኛው?›› አላሉም።

ታዲያ ‹‹አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር ካገኘን ነገሩ አለቀ ማለትዎ ነው?›› የሚለኝ አይጠፋም። አላለቀም። አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገርም ሊገድል እንደሚችል ያችው እንግሊዝ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር የተባለው ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ነደደ። 72 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ወገኖቻችን፣ ሕፃናት ጭምር ነበሩ። ለዚያ ሕንፃ ነዋሪዎች የተሰጠው መመሪያ ከዚህ የበለጠ አጭር ሊሆን አይችልም ነበር፦ እሳቱ ያንተ ቤት ካልሆነ ባለህበት ቆይ። ምክንያት ነበረው። በደንብ የተሠራ የኮንክሪት ሕንፃ እሳትን በተነሳበት ክፍል አፍኖ ያቆየዋል፤ ሁሉም በአንድ ደረጃ ቢተራመስ ደግሞ የባሰ ነው። ነገር ግን ሕንፃው ሲታደስ በውጭ ግድግዳው ላይ መሐሉ ፕላስቲክ የሆነ የአልሙኒየም ንጣፍ ተለብጦበት ነበር። ከአራተኛ ፎቅ ወጥ ቤት የተነሳው እሳት በዚያ ንጣፍ ላይ ተንጠላጥሎ ወደ ላይ ወጣ።

በእኛ ሰዓት አቆጣጠር የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ የመጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ነው። ‹‹ባላችሁበት ቆዩ›› የሚለው ምክር የተነሳው 8 ሰዓት ከ47 ላይ ነው። በጉዳዩ ላይ የተሰየመው አጣሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የመጀመሪያ ዘገባ፣ ሰው እንዲወጣ የሚለው ውሳኔ በ7 ሰዓት ተኩልና በ7 ሰዓት ከ50 መካከል መሰጠት እንደነበረበት ተናግሯል። በመካከሉ ያለው አንድ ሰዓት ገደማ የስንት ሰው ዕድሜ ነበር? ምክሩ ለብዙ ሕንፃዎች እውነት ነበር። ለዚያ ሕንፃ ግን ውሸት ሆኗል። ሕንፃው ተለውጦ ዓረፍተ ነገሩ አልተለወጠም።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። የደኅንነት ምክር ከቤቱ ጋር ተገናዝቦ መነገር አለበት። ቤቱን ያላየ ሰው የሚሰጠው ምክር ቢያምርም ቁማር ነው። እኛ ዛሬ በአልሙኒየምና በመስታወት የተለበጡ ሕንፃዎችን እያሳመርን ወደ ላይ እየወጣን ነው። የንጣፉ መሐል ምንድን ነው? የደረጃው በር ተቆልፏል ወይስ ክፍት ነው? በኮንዶሚኒየም በአራተኛ ፎቅ የምትኖር አሮጊት ጭስ ሲሸታት ትውጣ ወይስ ትቆይ? ለየሕንፃው የተለየ መልስ ያለው ጥያቄ ነው፤ ለሁሉም በአንድ ላይ በሬዲዮ የሚመለስ አይደለም። መልሱ የሚገኘው የእሳት አደጋ ሠራተኛው እሳት ሳይኖር ደረጃውን ወጥቶ ሲያይ ነው።

ከውጭ የመጣ ምክርም እንደዚሁ ቤታችንን ማየት አለበት። የጭስ ማስጠንቀቂያ የሚባለው መሣሪያ በሌላው አገር ስንቱን አትርፏል። እሱን አምጥታችሁ ከቡና መቁያው በላይ ስቀሉትና እዩ! ዕጣኑ ሲጤስ ይጮኻል፤ ቡናው ሲቆላ ይጮኻል፤ እንጀራው ሲጋገር ይጮኻል። በሳምንቱ ባትሪው ወጥቶ ለልጆች መጫወቻ ይሆናል። ስለዚህ ‹‹ግዙ›› ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም። ወጥ ቤት ሳይሆን ወደ መኝታ ክፍል አካባቢ ይሁን፣ የከሰሉን ጋዝ ለመለየት ደግሞ ሌላ መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው፣ መሣሪያውን መግዛት የማይችል ይህን ይህን ያድርግ ብሎ የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። የመስኮታችንም ነገር አለ። ሌባ እንዳይገባ መስኮቱን በብረት እናጥራለን፤ በሩን ከውስጥ ቆልፈን ቁልፉን ትራስ ሥር እንደብቃለን። ለሌባ የሠራነው ቤት ለእሳት ወጥመድ ነው። በቤት ቃጠሎ ብዙ ጊዜ ከነበልባሉ በፊት የሚገድለው ጭሱ በመሆኑ ቁልፍ የሚፈለግበት ደቂቃ የለም። ‹‹ቁልፉ ማታ ማታ አንድ ቦታ ይሰቀል፣ ሁሉም ቤተሰብ ቦታውን ይወቅ›› የሚል ምክር ስንት ብር ይጠይቃል?

ማን ያስተምር ለሚለው፣ ከዕድር የተሻለ መንገድ አላይም። ዕድር የአባላቱን ስምና ቤት በመዝገብ ይዟል፤ በየወሩ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። እንዲህ ያለ ድርጅት ያለው ሕዝብ ‹‹ኅብረተሰቡን ማግኘት አልቻልንም›› ሊባል አይገባም። የሚያሳዝነው የዕድር ጡሩንባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ መሆኑ ነው። ከወርኃዊው ስብሰባ ላይ ሩብ ሰዓት ተወስዶ አንድ የእሳት አደጋ ባለሙያ አንድ ነገር ብቻ ቢያሳይ ምናለበት? በአንዱ ወር የጋለ ዘይት ሲነድ ውኃ አይደፋም፣ ምድጃው ጠፍቶ ክዳን ይከደንበታል። በሌላው ወር ከሰል። በሌላው ደግሞ ስልክ እንዴት እንደሚደወል።

ስልኩ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። 939 ብለን ከደወልን በኋላ ምን እንላለን? ብዙዎቻችን ‹‹ኧረ ድረሱ፣ ነደደ!›› ብለን እንዘጋለን። የቤት ቁጥር ከግምት ባነሰበት ከተማ ለባለ መኪናው የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ቦታው ነው። የትኛው ክፍለ ከተማ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት አጠገብ፣ መኪና የሚገባው በየት በኩል። ከዚያም አንድ ጎረምሳ ወደ ዋናው መንገድ ሮጦ ይቁምና መኪናውን እየመራ ያምጣ። የእኛ ሰው እሳት ሲነሳ ባልዲ ይዞ የሚሮጥ ደግ ሕዝብ ነው። መኪናው እስኪደርስ ባለው ጊዜ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ጎረቤት ነው። ያ ደግነት አንድ ሰው ቆጣሪው ጋ፣ አንድ ሰው መንገድ ላይ፣ አንድ ሰው ሕፃናትና አረጋውያን ጋ ብሎ ካልተደለደለ ግን መንገድ የሚዘጋ ግርግር ይሆናል።

ለሹማምንቱም አንዲት ነገር አለችኝ። በየዓመቱ መጨረሻ ከእሳት የዳነ ንብረት በብር ተቆጥሮ ሪፖርት ይደረጋል። ያልተነሳ እሳት ግን በብር አይቆጠርም፤ ያልነደደ ቤት ዜና አይሆንም። እንዲቆጠር ከፈለጋችሁ ሌላ ነገር ቁጠሩ። ዘንድሮ ስንት ቤት ገባችሁ? ስንት ዘበኛ አነጋገራችሁ? የስንት ሕንፃ ደረጃ ወጣችሁ? ስንት ተራ በመርካቶ ዕቃውን ከመንገድ አነሳ? የሚቆጠር ነገር ይሠራል። ያኔ የዜናው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ራሷ ትለወጣለች።

ሌላውን ስተች ውዬ እኔም በራሴ ሚዛን ልለካ። ጥሩ የደኅንነት ጽሑፍ ተነጋሪው የታወቀ፣ ግሡ በእጅ የሚሠራ፣ ጊዜው ከእሳቱ በፊት የሆነ ነው ብያለሁ። እንግዲያውስ ይህን ጋዜጣ ለምታነቡ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ዘበኛ ወይም በሰርቪስ ክፍል የምታድር ሠራተኛ ላላችሁ፦ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ። ከሰሉ የት እንዳለ እዩ። ውስጥ ከሆነ ይውጣ። ከዚያ ‹‹ተጠንቀቅ›› ብላችሁ እንዳትመለሱ፤ ሰውየው ከሰል ያስገባው ስለበረደው ነው። አንድ ብርድ ልብስ ጨምሩለት።